ፔርሙሱ ዝም ያለበት ጠዋት

ለወንድሜ ለኮሄይ፤

እንዴት ከረምክልኝ? ጤናህስ? ያ አልላቀቅ ያለህ የወገብ ሕመም ተወህ ወይስ አሁንም ከሳልመን ዓሣ ገንዳ ወደ ገንዳ እየዘለልክ ታባብሰዋለህ? ማርሴላ እንዴት ናት? ትንሹ ቶማስ መራመድ ጀምሯል ብለኸኝ ነበር፤ ይኼኔ እየሮጠ ያስቸግራችሁ ይሆናል። እዚያ ባሕር ማዶ ፖርቶ ሞንት በጋው እየገባ ነው አሉ፤ እስቲ ፀሐዩን በእኛም ፈንታ ጥገቡት። እዚህ ሃማዳ የሰሜኑ ነፋስ ጀምሯል። ጀልባዎቹ ከሚወጡበት ቀን ታስረው የሚውሉበት እየበዛ ነው፤ ዓሣ ሲጠፋ እኛም የምንሠራበት ዓሣ ማድረቂያው ውስጥ ቆመን ስናወራ እንውላለን። ባለቤቴ ማሳሺ እንደምታውቀው ነው፣ ካልጠየቁት አይናገርም። ልጃችን ሚዙኪ ለፈተና አጠናለሁ እያለች ስልኳ ላይ ታፈጣለች። አባባ ከቀን ወደ ቀን እየተሻላቸው ነው፤ ትናንት በምርኩዝ ከአልጋቸው እስከ ኮሪደሩ መጨረሻ ሄደው ነርሷን «አየሽ፣ ወደኋላ የቀረሽው አንቺ ነሽ» ብለው አሳቋት።

አሁን ወደ ነገሬ ልግባ፤ ሰላምታውን እያስረዘምኩ ሌላ ሳምንት ላመልጥ እችላለሁ። ባለፈው ረቡዕ «እታለም፣ አባባ ሆስፒታል ናቸው፤ ታዲያ እቤት ከፔርሙሱ ውሃ የሚቀዳው ማነው?» ብለህ ጻፍክልኝ። እኔም «እኔ ነኝ፤ የቀረውን በደብዳቤ» ብዬ ዘጋሁህ። እንደደነገጥክ አውቃለሁ። በስልክ ብነግርህ ግን ራሴን አውቃታለሁ፣ ግማሹን በቀልድ አልፈዋለሁ፤ አንተም ሳልጨርስ «ግድ የለም እታለም» ትለኛለህ። ይኼ ደግሞ ግድ የለም የሚባል አይደለም። አባባ ይቅርታ በእጅ ተጽፎ ነው የሚሰጠው እያሉ ነው ያሳደጉን፤ እኔም የኩሽና ጠረጴዛቸው ላይ ተቀምጬ በእጄ እየጻፍኩልህ ነው። በፈጣን ፖስታ ነው የምልከው።

የሚያስቸኩለኝ ነገር አለ። በወሩ መጨረሻ ሆስፒታሉ ይሰበስበንና አባባ ወደ ቤታቸው ይመለሱ ወይስ አረጋውያን ማደሪያ ይግቡ የሚለው ይወሰናል። አንተ በስልክ ለሐኪሙ «እህቴ በየቀኑ ጠዋት ብቅ ስለምትል ቤታቸው ይመለሱ» ብለሃል፤ ሐኪሙም ያንን ጽፎ ይዞታል። አባባ ደግሞ ስለ ቤታቸው እንጂ ስለ ሌላ ነገር አያወሩም። የካኪው ፍሬ ዛፍ ላይ ቀረ ወይ፣ መዝጊያው በነፋስ ይንኳኳል ወይ፣ ጣራው ላይ ያቺ ድመት ትመጣለች ወይ፣ ሲሉኝ ነው የሚውሉት። ችግሩ፣ በየቀኑ ጠዋት ብቅ የምትል እህት የለችህም። አልነበረችህም። እሑድ እሑድ እሄድ ነበር፣ አንዳንዴ ሐሙስም። በቀረው ቀን ያንን ሰዓት የማሳልፈው ዓሣ ስሰነጥቅ ነው። ላንተ ግን ዓይኔን በጨው አጥቤ «ዛሬ ጠዋት ከአባባ ጋር ሻይ ጠጣን» እያልኩ እጽፍልህ ነበር።

ነገሩ የጀመረው በጎረቤታችን በእትዬ ኦኩዳ ነው። ሴፕቴምበር ላይ አንድ ሌባ ደውሎ የልጃቸውን ድምፅ አስመስሎ «እማዬ፣ ጉድ ሆኛለሁ፣ ለማንም አትንገሪ» ብሎ ባንክ ድረስ አስሮጣቸው። የባንኩ ሠራተኛ ባትጠረጥር ኖሮ አልቆላቸው ነበር። ከዚያ ወዲህ የከተማው ድምፅ ማጉያ ጠዋትም ማታም «ልጅዎ ነኝ የሚልን ዝም ብለው አይመኑ» እያለ ይጮሃል። አባባ «እውነተኛው ልጅ ታዲያ ምን ብሎ ይደውል?» እያሉ ይስቃሉ። እኔ ግን ፈራሁ። ከኢንተርኔት ኩባንያው አንድ ክራባት ያጠበቀ ልጅ መጥቶ የጥበቃ ሶፍትዌር ያለበትን ሳጥን መግቢያው በር አጠገብ ገጠመልን። እዚያ ቤት ያለ ማናቸውም ዕቃ ወደ ውጭ ልገናኝ ሲል ስልኬ ላይ ማስጠንቀቂያ ይመጣል፤ እኔ ደግሞ «ይፈቀድ» ወይም «ይዘጋ» እላለሁ። ከማድረቂያው ሳልወጣ የአባቴ ቤት ዘበኛ ሆንኩ። እውነቱን ልንገርህ፣ ደስ ብሎኝ ነበር። በእግሬ ያልሄድኩትን በጣቴ የሄድኩት መሰለኝ።

መጀመሪያ ቴሌቪዥኑ መጣ፣ ቀጥሎ የሚዙኪ ታብሌት፤ ሁለቱንም ፈቀድኩ። ከዚያ አንድ ጠዋት ቀይ ምልክት ያለበት መጣ። «ያልታወቀ ዕቃ ወደ ውጭ አገር አጠራጣሪ የግንኙነት ሙከራ እያደረገ ነው» ይላል። በእረፍት ሰዓት ጓንቴን አውልቄ እርዳታ ወደሚሰጡበት ቁጥር ደወልኩ። የመለሰልኝ ልጅ «እመቤቴ፣ የማያውቁት ከሆነ ይዝጉት» አለኝ፤ ዘጋሁት። ዕቃው ግን አልሰማ አለ። በነጋታው እዚያው ሰዓት ላይ ይሞክራል፣ ስልኬም ይነዝርና «ሙከራው ታግዷል» ይለኛል፤ ጥቂት ቆይቶ ደግሞ ይሞክራል። አብረውኝ ለሚሠሩት ሴቶች «አንድ ባሕር ማዶ ያለ ሌባ የአባቴን ቤት ካልገባሁ ብሎ ሙጭጭ ብሏል» እያልኩ አወራላቸዋለሁ። «ምን ሊሰርቅ ነው፣ የአባትሽን ካልሲ?» እያሉ ይስቁብኛል፣ እኔም አብሬ እስቃለሁ። በነጋ ቁጥር «ሌባሽ ዛሬስ መጣ?» መባባል የማድረቂያው ጨዋታ ሆነ።

ሌባው ማን እንደሆነ ያወቅሁት በአንድ እሑድ ነው። ስደርስ አባባ ገና ቁርስ አልበሉም። የእማማን ትንሽ ስኒ ይዘው፣ አንተ አምና ለሙታን መታሰቢያው ለኦቦን መጥተህ የእማማን መቃብር ያጠብን ጊዜ ያመጣህላቸውን የኤሌክትሪክ ፔርሙስ ጫን አደረጉት። ኪሴ ውስጥ ስልኬ ነዘረ። ሻዩን ከእማማ ፎቶ ፊት አስቀምጠው፣ ትንሿን ደወል መትተው፣ እጃቸውን አጋጥመው ተመለሱና ለራሳቸው ሲቀዱ ስልኬ እንደገና ነዘረ። ለእኔም ሲቀዱልኝ ነዘረ። አውጥቼ አየሁት፤ ያው ቀይ ምልክት ነው። «አባባ፣ ይኼ ፔርሙስ ምንድነው የሚሠራው?» አልኳቸው። ትንሽ አመነቱና «የኮሄይ ነገር ነው። ውሃ በቀዳሁ ቁጥር እዚያ ስልኩ ላይ ይደርሰዋል። የእኛ ጠዋት የእሱ ማታ ነው፤ እራቱን ሲበላ የእናቱ ሻይ መቀዳቱን ያያል። አሁን ግን መብራቷ ቀይ ሆናለች፣ ምን እንደነካት እንጃ» አሉኝ። ለምን እንዳልነገሩኝ ስጠይቃቸው «ሱሚኤ የምንሰልላት ይመስላታል ብሎ ነው» አሉና ሻያቸውን እፍ ማለት ጀመሩ።

ፊቴ እንዴት እንደነደደ አልነግርህም። ከአምና ጀምሮ ስንት ስኒ እንደተቀዳ ታይ ነበር፣ ኮሄይ። አንዱ የእማማ፣ አንዱ የአባባ፤ ሦስተኛ ስኒ የሚቀዳው እኔ የመጣሁ ዕለት ብቻ ነው። እኔ ደግሞ ሁለት ብቻ በተቀዳበት ቀን «አብረን ጠጣን» እያልኩ ስጽፍልህ ከርሜያለሁ። አስተውለህ ይሁን ሳታስተውል አላውቅም፤ አንድ ቀን እንኳ «ዋሸሽ» አላልከኝም። ያ ዝምታህ ከስድብ ይልቅ አመመኝ። ተናደድኩም፤ እሱንም አልደብቅህም። «እኔ እዚህ እየሮጥኩ እሱ እዚያ ተቀምጦ ስኒ ይቆጥራል» አልኩ በሆዴ። ሌባ እንዳልሆነ አወቅሁ፣ አንተ መሆንህን አወቅሁ። «ይፈቀድ» የሚለውን አንዴ መንካት ብቻ ነበር የቀረኝ። አልነካሁትም። ነገ አልኩ። በነጋታው ስልኬ ሲነዝር አየሁትና አሁንም ነገ አልኩ። በዚያው ሳምንት «እታለም፣ አባባ ሻያቸውን ይጠጣሉ?» ብለህ ስትጠይቀኝ የመለስኩልህ ስልክህ ላይ አለ፤ «አዎ፣ ዛሬም አብረን ጠጣን» ነው ያልኩህ። ማክሰኞ ነበር። እሳቸው ብቻቸውን ነው የጠጡት።

አባባን ታውቃቸዋለህ፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ የመርከብ ሞተር ሲጠግኑ ኖረው ቀይ መብራት እያዩ ዝም አይሉም። ፔርሙሱን ፈቱት፣ ጠረጉት፣ መልሰው ገጠሙት። «እስቲ እዪልኝ፣ አንቺ ስልክ ታውቂያለሽ፤ ልጁ ሳይደርሰው ይጨነቃል» ቢሉኝ «ተዉት አባባ፣ ውሃ እስካፈላ ድረስ ምን ቸገርዎት» አልኳቸው። በዓይናቸው እያየሁ ነው ያልኳቸው። እሳቸውም ከሳጥኑ ርቆ ይሆናል ብለው አሰቡና ፔርሙሱን ከኩሽና አንስተው መግቢያው ላይ፣ ከጫማ መደርደሪያው አናት አስቀመጡት። ምናልባት አንተም በስልክ «ጠጋ አድርጉት» ብለሃቸው ይሆናል። ብለህም ከሆነ እባክህ ወደ ራስህ አታዙረው፤ መብራቷን ቀይ ያደረግኋት እኔ ነኝ። ከዚያ በኋላ በየጠዋቱ የእማማን ስኒ ይዘው ወደ መግቢያው የሚያወርደውን ያንን ከፍ ያለ ደረጃ መውረድ ነበረባቸው። ልጆች ሆነን ስንዘልበት «አንገታችሁን ትሰብራላችሁ» እያሉ የሚቆጡን ደረጃ ነው።

የወደቁበት ጠዋት ስልኬ አልነዘረም። ሰዓቱ ሲደርስ ጓንቴን እንዳጠለቅሁ ጠበቅሁ፤ አልነዘረም። ልጻፈው እንጂ ምን አደርጋለሁ፣ ደስ አለኝ። ዛሬስ አረፍኩ አልኩ። እንደሌላው ቀን እንዳላፍር፣ እንደሌላው ቀን ነገ እንዳልል፣ ዝም አለልኝ ብዬ ቀለለኝ። አጠገቤ የምትሠራዋ ሴት «ሌባሽ ተስፋ ቆረጠ እንዴ?» ስትለኝ «ደከመው መሰለኝ» ብዬ ሳቅሁ። ምሳዬንም ጥሩ አድርጌ ነው የበላሁት። በዚያን ሰዓት አባባ ሲሚንቶው ላይ ዳሌያቸው ተሰብሮ ተኝተው ነበር። እጃቸው ፔርሙሱ ጋ ሳይደርስ ነው የወደቁት። የእማማ ስኒም ተሰብሮ ጫማዎቹ መሀል ተበታትኖ ነበር። ከሰዓት በኋላ እትዬ ኦኩዳ ካኪ ሊሰጧቸው መጥተው በሩን ሲገፉ ነው ያገኟቸው። «ምን ሆኑ?» ቢሏቸው «እንግዳ መጥቶ ሻይ እንኳ አልቀዳሁም» አሏቸው አሉ። እትዬ ኦኩዳ ይህንን እየሳቁ ጀምረው እያለቀሱ ነው የጨረሱልኝ።

ሰው ሁሉ «ምን ታውቂ ነበር» ይለኛል። ያ የማይናገረው ማሳሺ እንኳ ተናግሮ «ቤት ብትሄጂም ሥራ ብትውዪም መውደቁ አይቀርም ነበር» አለኝ። አውቅ ነበር፣ ወንድሜ። ሙከራው ታግዶም ቢሆን ማስጠንቀቂያው በየጠዋቱ አባትሽ ተነሥተዋል፣ ለእናትሽ ቀድተዋል፣ ለራሳቸው ቀድተዋል ይለኝ ነበር። ላንተ እንዳይደርስ የዘጋሁት ወሬ ለእኔ ይደርሰኝ ነበር። ያን ዕለት የቀረው ከእኔ ነው፣ መቅረቱን ያየሁትም እኔ ብቻ ነኝ። አንተ ብትሆን ሻይህን አስቀምጠህ ትደውል ነበር። ሐኪሙ «እዚያው ቢያድሩ ኖሮ አናተርፋቸውም ነበር» ሲል አጠገቡ ቆሜ ጫማዬን አይ ነበር።

ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ደውለህ ስለ ፔርሙሱ ስትጠይቃቸው አልጋቸው አጠገብ ነበርኩ። «እኔ ነኝ የነቀልኩት፣ ኤሌክትሪክ ይበላል» አሉህ። ዓይናቸው ግን እኔ ላይ ነበር። እንዴት እንዳወቁ አልጠየቅኋቸውም። ምናልባት ያን እሑድ የኪሴን ንዝረት ሰምተው ይሆናል፤ ሞተር ሲያዳምጥ የኖረ ጆሮ ነው። አልተቆጡኝም፣ አላነሡብኝም። ስልኩን ሲመልሱልኝ ያሉኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «የእናትሽን ሻይ ማን እየሰጣት ነው?» አሉኝ። ማንም አልነበረም። እሳቸው ከወደቁ ጀምሮ የእማማ ፎቶ ፊት ምንም አልተቀመጠም፤ እኔም ትዝ አላለኝም። ቦርሳዬን አንሥቼ ወጣሁ፤ መኪናዬ ጋ እስክደርስ አላስቻለኝም፣ ሆስፒታሉ በር ላይ ቆሜ አለቀስኩ።

ከዚያ ወዲህ በየጠዋቱ እየመጣሁ ነው። አለቃዬን ለምኜ አርፍጄ እንድገባ ፊቱን አጥቁሮ ፈቅዶልኛል። መዝጊያዎቹን እከፍታለሁ፣ ፔርሙሱን ወደ ኩሽና መልሼዋለሁ፣ ከቤቴ ባመጣሁት ስኒ መጀመሪያ ለእማማ እቀዳለሁ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት እንደታገደ ነው የቀዳሁት። ራሴው እጫናለሁ፣ ኪሴ ውስጥ ራሴው እሰማዋለሁ። ላንተ ልክፈተው እልና እጄ ይከብደኛል፤ ስትጠይቀኝ ምን እንደምመልስልህ አላውቅም ነበር። ባለፈው ረቡዕ ግን ለእማማ ቀድቼ ደወሉን ከመታሁ በኋላ «ይፈቀድ» የሚለውን ነካሁት። ለራሴ ስቀዳ መብራቷ አረንጓዴ ሆነች። ሻዬን ሳልጨርስ ነው ጥያቄህ የመጣው።

ለሐኪሙ ትናንት ነግሬዋለሁ። በየቀኑ ብቅ ትላለች የተባለው እውነት አልነበረም አልኩት፤ ብዕሩን አንሥቶ ሰረዘውና «አሁንስ?» አለኝ። አሁን እየሄድኩ ነው አልኩት፤ ከእኔ አፍ ሲወጣ ለራሴም የውሸት መሰለኝ። ስለዚህ ስብሰባው ላይ የምትለውን አንተ ወስን። ሱሚኤ ለአባባ አትታመንም፣ ማደሪያ ይግቡ ብትል አልቀየምህም። ለእሳቸውም ለምን እንደሆነ እኔው እነግራቸዋለሁ እንጂ ባንተ አላሳብብም። ግን ልለምንህ፣ ቤታቸውን እንዳያጡ ልለምንህ፤ እሳቸው ያጠፉት የለም። ቃሌን አትመን። እስከ ስብሰባው ድረስ ማታ ማታ እራት ስትበላ ስልክህን ተመልከት። የመጀመሪያው የእማማ ነው፣ ሁለተኛው የእኔ። አባባ ከተመለሱ ሦስት ይሆናል። አንድ ቀን ዝም ካለህ እንደ እኔ ደስ አይበልህ፤ ደውለህ ስደበኝ።

ማርሴላን በጣም አድርገህ ሰላም በልልኝ፤ ባለፈው የላከችው የሱፍ ሹራብ አባባን ሆስፒታል ድረስ ተከትሏቸዋል፣ ነርሶቹ ለማጠብ ሊያስወልቋቸው አልቻሉም። ቶማስን ሁለቱንም ጉንጮቹን ሳምልኝ። ማሳሺ ሰላም ብሎሃል፤ ማለቱን ያወቅሁት ራሱን ስለነቀነቀ ነው። ሚዙኪ አጎቴ በአዲስ ዓመት ይመጣል ወይስ አይመጣም እያለች ነው። እትዬ ኦኩዳ ካኪውን አድርቀው እንዳስቀመጡልህ ንገሪው ብለዋል። አባባ ወገብህን በቶሎ አሳይ ብለውሃል። ደብዳቤ እንደምጽፍልህ ስነግራቸው «በእጅሽ ነው?» ብለው ጠየቁኝ፤ አዎ አልኳቸው።

ይኸው፣ ለእማማ ቀድቼ ነው መጻፍ የጀመርኩት፤ አሁን ደግሞ ሁለተኛውን ስኒ ቀዳሁ። ደብዳቤዬ ከዚህ ሳይነሣ እሱ ደርሶሃል።

ያጠፋችው እህትህ፣
ሱሚኤ

ሃማዳ፣ ከአባባ ኩሽና
ኖቬምበር 9፣ ጠዋት